ከሩቅ ለሚተኮሰው ማን ይጠየቅ?

እ.ኤ.አ. ኦገስት 29 ቀን 2021 የአሜሪካ ድሮኖች ካቡል ውስጥ አንዲት ነጭ ቶዮታ ኮሮላ ስምንት ሰዓት ያህል ሲከታተሉ ዋሉ። የውኃ መያዣዎች ሲጫኑባት የተመለከቱት ሰዎች ፈንጂ መሰላቸው። መኪናዋ መኖሪያ ግቢ ስትገባ ሚሳይል ተተኮሰባት። 10 ሰላማዊ ሰዎች ሞቱ፤ 7ቱ ሕፃናት ናቸው። ፔንታጎን መጀመሪያ የአሸባሪዎችን ጥቃት አከሸፍኩ አለ። ጋዜጠኞች እውነቱን ቆፍረው ሲያወጡ በሴፕቴምበር 17 ስሕተቱን አመነ። በዲሴምበር ደግሞ ማንም እንደማይቀጣ ተነገረ።

ከሩቅ መግደሉ አዲስ አይደለም፤ መድፍም ከሩቅ ይገድላል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሥራው በብዙ እጅ ሲከፋፈል ጥፋቱ ባለቤት ማጣቱ ነው። ሪፐር የተባለውን ድሮን ለጦርነቱ ቅርብ የሆነ ቡድን ያስነሣና ኔቫዳ በረሃ ውስጥ ክሪች ጣቢያ ላሉ ባለሙያዎች ያስረክባል። አብራሪው ይተኩሳል፤ አጠገቡ ያለው ካሜራውንና ሌዘሩን ያነጣጥራል፤ ሌሎች ሌላ ቦታ ሆነው ምስሉን ይተነትናሉ፤ አዛዥ ይፈቅዳል። መረጃው የሚተላለፈው ጀርመን፣ ራምስታይን ባለው የአሜሪካ ጦር ሰፈር በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በየመን ሐድረመውት በአሜሪካ ድሮን ዘመዶቻቸው የተገደሉባቸው ሰዎች በዚህ ምክንያት ጀርመንን ከሰሱ። ከአሥር ዓመት በላይ ተከራክረው በ2025 የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት አቤቱታቸውን ውድቅ አደረገው።

የድሮኖቹ የግንኙነት መስመርም እንደሚወራለት የተጠበቀ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2009 የኢራቅ ታጣቂዎች በ26 ዶላር በሚሸጥ ሶፍትዌር የፕሬዳተር ድሮኖችን ምስል ጠልፈው ሲያዩ እንደነበር ተደርሶበታል፤ ምስሉ የሚተላለፈው ያለ ምስጠራ ነበርና። ድክመቱ ከቦስኒያ ጦርነት ጀምሮ ይታወቅ ነበር።

ጉዳዩ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የአሜሪካ ሪፐሮች ለዓመታት ከአርባ ምንጭ ይነሡ ነበር። ከዚያ የባሰው በራሳችን ሰማይ ላይ መጣ። ታኅሣሥ 29 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ የገና ዕለት ሌሊት፣ ትግራይ ደደቢት ውስጥ ተፈናቃዮች የተጠለሉበት የትምህርት ቤት ግቢ በድሮን ተመታ። ከ50 በላይ ሰዎች አለቁ። ከጦርነት ሸሽተው የመጡ ነበሩ። ሂዩማን ራይትስ ዎች ጥቃቱን የፈጸመው የመንግሥት ድሮን መሆኑን ገልጾ፣ ስብርባሪው ቱርክ ሠራሽ በሌዘር የሚመራ ቦምብ መሆኑን ለይቷል።

እንዲህ ያለ ድሮን ዒላማውን በካሜራ አይቶ ነው የሚመታው። ስለዚህ ማስረጃ የለም የሚል መልስ በቀላሉ መቀበል አይገባንም። የካቡሉ ምስል እንኳ ኒውዮርክ ታይምስ ከስሶ በጃንዋሪ 2022 ለሕዝብ ወጥቷል። ደደቢት ላይ ማን እንዳዘዘ፣ ምን አይቶ እንደፈቀደ በገለልተኛ አካል ይመርመር፤ ውጤቱም ለሟች ቤተሰቦች በስማቸው ተጠርተው ይነገራቸው።