ብፁዕ የነበረ ቃል

የእንግሊዝኛ ተማሪ ቀድሞ ከሚያውቃቸው ቅጽሎች አንዱ «ሲሊ» ሲሆን፣ መዝገበ ቃላቱን ገልጦ «ሞኝ፣ ቂል» የሚል ፍች ካገኘ በኋላ ነገሩ ያለቀ መስሎት ያልፋል። ነገር ግን ይህ ቃል የቀድሞ ማዕረጉን የተገፈፈ ነውና፣ ታሪኩን ሳይመረምሩ ማለፍ ያጐድላል።

በጥንታዊው የእንግሊዞች ቋንቋ የቃሉ ትርጓሜ «ደስተኛ፣ የተባረከ፣ ብፁዕ» ነበረ፤ የሥጋ ዘመዱ የሆነው የጀርመኖች «ዜሊኽ» እስከ ዛሬ በዚያው ክብር ስለ ጸና፣ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ጌታ በተራራው ላይ ብፁዓን ያላቸውን ጀርመኖች የሚጠሩት በእርሱ ነው። እንግሊዞች ግን ብፁዕ ሰው የዋህ ነው፣ የዋህም ክፋት አያውቅም፣ ክፋት የማያውቅም ራሱን ከክፉዎች መጠበቅ አይችልምና ምስኪን ነው ሲሉ፣ ምስኪኑንም ካልተማረ ባላገር ሲቈጥሩት፣ ቃሉ በየዘመኑ አንድ አንድ ደረጃ እየወረደ በ16ኛው መቶ ዓመት ከሞኝነት ላይ ደረሰ። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1611 በታተመው በንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ፣ በትንቢተ ሆሴዕ ምዕራፍ 7፣ ልብ የጐደላት ርግብ የተጠራችው በዚሁ በ«ሲሊ» ነው። በወንጌል የየዋህነት አብነት የሆነችው ርግብ በነቢዩ ዘንድ የሞኝነት ምሳሌ መሆኗን ሳስብ፣ ሁለቱ ጠባዮች በሰው አንደበት ምን ያህል ጎረቤታሞች እንደ ሆኑ እረዳለሁ። እኛም ከግዕዝ የወረስነውን «የዋህ» በቀላሉ ለሚታለል ሰው ስንሰጠው፣ ማመስገናችን ይሁን ማዘናችን ሁልጊዜ አይለይም።

ዛሬ «ሲሊ» ሞኝነትን ቢያመለክትም የስድብ መርዝ የለበትም። እናት ጨለማ ፈርቶ የሚያለቅስ ልጇን «ሲሊ አትሁን» ብላ ታባብለዋለች፤ ወዳጅም የምሳውን ሂሳብ እኔ ልክፈል ለሚለው ወዳጁ የሚመልሰው ይህንኑ ነው፤ ፍችውም የእኛ «ኧረ ተው!» ነው። «ሲሊ» የተባለ ስሕተት ካለማወቅ ሳይሆን ከችኰላ የመጣ ነው። «ስቱፒድ» ግን የሰውየውን አእምሮ ራሱን ይነቅፋልና ያቈስላል፤ ሁለቱን አንድ አድርጎ መፍታት ወዳጅን ያስቀይማል።

ስለዚህ ተርጓሚ ሆይ፣ በቀድሞ ዘመን በተጻፈ የእንግሊዝኛ ድርሰት ውስጥ «ሲሊ» ከበግ ወይም ከእረኛ ፊት ቆሞ ብታገኘው፣ «ቂል» ብለህ አትፍታው፤ «የዋህ» ወይም «ምስኪን» በለው።