ለማያውቁት መንገደኛ የሚደረግ ደግነት

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» የሚለው የአባቶች ቃል በቤቱ ረግቶ ለሚኖር ሰው የታመነ ምክር ነው። ነገር ግን፣ የተከበራችሁ አንባቢዎች ሆይ፣ ዘመዱም ጎረቤቱም የራቀበት ሰው በጨነቀው ጊዜ በማን ይመካ? ይህ ሰው በማያውቀው አገር፣ ቋንቋውን በማይሰማው ሕዝብ መካከል ረጅም መንገድ የሚጓዝ መንገደኛ ነው። እንዲህ ያለውን መንገደኛ ከዚያ ቀን በፊት አይቶት የማያውቅ፣ ከዚያም ቀን በኋላ የማያየው ሰው ስለ ምን ይረዳዋል? የዛሬው ንግግራችን ይህን ጥያቄ በአንድ የታወቀ መንገድ ምሳሌነት ለማስረዳት ነው።

መንገዱ ከምዕራብ አውሮፓ ተነሥቶ በኢስታንቡል፣ በአንካራ፣ በኤርዙሩም፣ በታብሪዝ፣ በቴህራንና በማሽሃድ አልፎ ወደ አፍጋኒስታን ይገባል፤ ከዚያም በሔራት፣ በካንዳሃርና በካቡል አድርጎ የካይበርን በር በመሻገር በፔሻዋርና በላሆር በኩል ሕንድ አገር ይደርሳል። ከ1950ዎቹ እስከ 1979 ዓ.ም. ድረስ ብዙ ሺህ ሰዎች ይህን መንገድ በመኪና ተጉዘውበታል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይረዳልን።

ከኦክስፎርድና ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲዎች የተውጣጡ ስድስት ወጣቶች በሁለት ላንድ ሮቨር መኪናዎች ሴፕቴምበር 1 ቀን 1955 ዓ.ም. ከለንደን ተነሥተው፣ 29 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው፣ ማርች 6 ቀን 1956 ዓ.ም. ሲንጋፖር ገቡ። ከመካከላቸው ቲም ስሌሰር የተባለው የጉዞውን ታሪክ በ1957 ዓ.ም. በመጽሐፍ አሳተመ። በዚያው ዓመት ከለንደን እስከ ካልካታ መንገደኛ የሚወስድ አውቶቡስ ሥራ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ በመንገዱ ላይ በብዛት ይታዩ ከነበሩት መኪናዎች አንዱ የቮልስዋገን ፋብሪካ ከ1950 ዓ.ም. ጀምሮ ያወጣው ሣጥን መሰል መኪና ነው። መንገደኛው በውስጡ ፍራሽ ዘርግቶ ይተኛል፣ ምግቡን ያበስላል፣ ዕቃውንም ያኖራል። ስለዚህ ቤቱን ይዞ የሚዞር ይመስለዋል።

ዳሩ ግን ቤት ይዞ መዞር ከሰው እርዳታ አያድንም። የኤርዙሩም አምባ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ስለሆነ ክረምቱ በረዶ ነው። ከሔራት እስከ ካንዳሃር ያለው 550 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ የሚያልፈው በአብዛኛው በደረቅ ምድር ላይ ነው። በእንዲህ ያለ ስፍራ ጎማ የፈነዳበት፣ ባሌስትራ የተሰበረበት፣ ወይም ቤንዚን ያለቀበት ሰው መኪናው ከቤትነት ወደ ሸክምነት ይለወጥበታል። ገንዘብ ቢኖረው እንኳ የሚገዛበት ሱቅ የለም። ያን ጊዜ ተስፋው ከሩቅ አቧራ እያስነሣ የሚመጣው የጭነት መኪና ነጂ ብቻ ነው።

ነጂውም ይቆማል። መቆሙ የባሕርዩ ደግነት ብቻ አይደለም፤ ያደገበት ሥርዓት ያዘዋል። የቱርክ ሕዝብ ሳይጠራ የመጣውን እንግዳ «ታንሪ ሚሳፊሪ» ይለዋል፤ ትርጓሜውም «የእግዚአብሔር እንግዳ» ማለት ነው። እኛም የመሸበትን መንገደኛ በዚሁ ስም መጥራታችንን ልብ በሉ። በአገራችን ባላገር ዘንድ መንገደኛው ከደጅ ቆሞ «ቤቶች! የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ሲል ባለቤቱ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ብሎ ያስገባዋል፤ እግሩን አሳጥቦ ካለው ያቀርብለታል። በቋንቋም በሃይማኖትም የማይገናኙ ሁለት ሕዝቦች አንድ ስም ማውጣታቸው ችግራቸው አንድ ስለ ነበረ ይመስላል። ማደሪያ ሆቴል በሌለበት አገር ዛሬ አስተናጋጅ የሆነው ሰው ነገ መንገደኛ መሆኑ አይቀርምና።

በአፍጋኒስታን የፓሽቱን ሕዝብ «ፓሽቱንዋሊ» የሚባል ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ የኑሮ ሕግ አለው። ከዚህ ሕግ ዐበይት ክፍሎች አንዱ «ሜልማስቲያ» ሲሆን፣ ይኸውም እንግዳን ዋጋ ሳይጠይቁ መቀበልና መጠበቅ ነው። እንግዳው በቤቱ ሳለ ጉዳት ቢደርስበት ውርደቱ የባለቤቱ ነው። በኢራን ደግሞ «ታዓሮፍ» የሚባል የትሕትና ሥርዓት አለ። ባለሱቁ ሒሳብ ሲጠየቅ «ለእርስዎ የሚገባ አይደለም» ብሎ ገንዘቡን ይመልሳል። ይህን የማያውቅ የውጭ አገር ሰው ዕቃውን በነጻ ያገኘ መስሎት አመስግኖ ሊወጣ ይችላል፤ የሚገባው ግን ደጋግሞ መለመንና መክፈል ነው። በሕንድም በአምሪትሳር ከተማ ያለው የሲኮች ወርቃማ መቅደስ ዘርና ሃይማኖት ሳይለይ ለመጣው ሁሉ በነጻ ያበላል። ይህም ከ1469 እስከ 1539 ዓ.ም. ከኖረው ከመሥራቹ ከጉሩ ናናክ ጀምሮ የመጣ ልማድ ነው።

ይሁን እንጂ ደግነት ድንበር የለውም ማለት አይደለም። በእስልምና ትምህርት የእንግድነት መብት ሦስት ቀን ሲሆን ከዚያ በላይ ያለው እንደ ምጽዋት ይቆጠራል። የሰልጁቅ ሱልጣኖች በ13ኛው መቶ ዓመት በአናቶልያ ባሠሯቸው የመንገደኛ ማደሪያዎችም መንገደኛው እስከ ሦስት ቀን ድረስ ያለ ክፍያ ያርፍ ነበር። ከእነዚህ አንዱ በአክሳራይ አጠገብ በ1229 ዓ.ም. የተሠራው ሱልጣን ሐን እስከ ዛሬ ቆሞ ይታያል። በአገራችንም እንግዳ ሲመጣ ወርቅ፣ ሲሰነብት ብር፣ ሲከርም ጨርቅ ይባል የለምን? ልኩ የታወቀ ደግነት አስተናጋጁን ስለማያደኸየው ዘመን ይሻገራል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ምክንያት እንለፍ። በ1968 ዓ.ም. ዳርሊና ላታኔ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቡና ሊቃውንት አንድ ፈተና አደረጉ። ለየክፍላቸው ተቀምጠው በድምፅ ማስተላለፊያ የሚነጋገሩ ተማሪዎች ከመካከላቸው አንዱ በሚጥል በሽታ እንደ ተያዘ የሚያሰማ ድምፅ እንዲሰሙ ተደረገ። ድምፁን የምሰማው እኔ ብቻ ነኝ ብለው ካመኑት ከመቶ 85ቱ ሕመሙ ሳያበቃ ለእርዳታ ተነሡ፤ ሌሎች አራት ሰዎችም ይሰማሉ ብለው ካሰቡት ግን የተነሡት ከመቶ 31 ብቻ ናቸው። በምድረ በዳው መንገድ ላይ ያለው ነጂ «እኔ ካልቆምሁ የሚቆም የለም» ብሎ ያውቃል። በከተማ አደባባይ የሚያልፈው ሰው ግን «ሌላው ያነሣዋል» ይላል፤ ሌላውም እንደዚሁ ይላል። ስለዚህ የከተማ ሰው በልቡ ከባላገሩ የከፋ ሳይሆን ኀላፊነቱ በብዙ ሰው ላይ ተከፋፍሎበት ሊሆን ይችላል።

እንደዚሁም በ1973 ዓ.ም. ዳርሊና ባትሰን ያሳተሙት ሌላ ጥናት አለ። የነገረ መለኮት ተማሪዎች ንግግር ለማድረግ ወደ ሌላ ሕንፃ እንዲሄዱ ታዘዙ፤ ገሚሶቹ የሚናገሩት ስለ ደጉ ሳምራዊ ነበር። በመንገዳቸው ላይ የታመመ የሚመስል ሰው ተጠማዞ ተቀምጧል። ጊዜ እንዳላቸው ከተነገራቸው ከመቶ 63ቱ ሊረዱት ሲሞክሩ፣ እንደ ዘገዩ ከተነገራቸው ግን ከመቶ 10ሩ ብቻ ሞከሩ። ስለ ሳምራዊው ሊናገሩ ከሚቸኩሉት መካከል እንኳ ችግረኛውን አልፈው የሄዱ ነበሩ። ከዚህ የምንማረው ደግነትን ከሚቀንሱት ነገሮች አንዱ ችኮላ መሆኑን ነው።

እንግዳውም በበኩሉ ግዴታ አለበት። ከ1960ዎቹ አጋማሽ በኋላ በዚያ መንገድ ከተጓዙት ወጣቶች መካከል የተቀበላቸውን ሕዝብ ልማድ ያላከበሩ፣ የድኻውን እንጀራ እንደ መብት የቆጠሩ አልታጡም። ደግነቱን የመለሱለትም አሉ። በ1957 ዓ.ም. በኢስታንቡል በተከፈተ አንድ ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ መንገደኞች ስለ መንገዱ ማስታወቂያና መልእክት እየለጠፉ ለማያውቁት ተከታይ ይተዉለት ነበር። የተቀበለውን ውለታ ለአስተናጋጁ መመለስ ያልቻለ ሰው በኋላው ለሚመጣው መክፈሉ ተገቢ ነው።

በ1979 ዓ.ም. የኢራን አብዮት ድል አደረገ፤ በዓመቱ መጨረሻም የሶቪየት ጦር አፍጋኒስታን ገባ፤ መንገዱም እንደ ቀድሞው መሆኑ ቀረ። ከብዙ ዘመን በኋላ ጉዞው አቅጣጫውን ለወጠ። በ2015 ዓ.ም. ከአንድ ሚሊዮን በላይ ስደተኞች በባሕር ተሻግረው አውሮፓ ሲገቡ፣ ከሶርያውያን ቀጥሎ ብዙዎቹ አፍጋኖች ነበሩ። ያን ጊዜ ለአውሮፓዊው መንገደኛ ሻይና ዳቦ ያቀረቡት ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች በተራቸው የሰው ደጅ ቆሙ። ከፊሉ ደጅ ተከፈተላቸው፤ ከፊሉም ተዘጋባቸው። በቂ ሕግ ለማውጣት ብዙ ሊመከርበት የሚገባ ነገር መሆኑ አይካድም፤ ሆኖም የእንግድነት ተራ እንደሚዞር ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም።

የተከበራችሁ አንባቢዎች፣ አብዛኞቻችሁ የመንግሥት ሠራተኞች ናችሁና አንድ ነገር ጨምረን እናብቃ። መንገደኛው ወደ አዲስ አገር ሲገባ በመጀመሪያ የሚያገኘው ሰው የጉምሩክ ሠራተኛ ነው። መኪናውን በዚያ አገር እንዳይሸጠው መያዣ የሚሆነው ካርኔ የተባለው ሰነድ ይመረመራል፣ ማኅተም ይመታበታል። ሠራተኛው ሕጉን ሳያጎድል የጎደለውን ወረቀት የት እንደሚያገኝ ሊያመለክተው፣ ወይም ዝም ብሎ ሊመልሰው ይችላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለሠራተኛው የአምስት ደቂቃ ድካም ሲሆን፣ ለመንገደኛው ግን የብዙ ቀን መንገድ ነው።

የእናንተም ቢሮ እንዲህ ያለ በር ነው። ከሩቅ ወረዳ በአውቶቡስ ተሳፍሮ፣ ስንቁን ቋጥሮ፣ በማያውቀው ከተማ በማያውቀው ፎቅ ላይ ጉዳዩን ሊያስፈጽም የመጣው ባላገር መንገደኛ ነው። ከመዝገብ ቤት ወደ ጸሐፊ፣ ከጸሐፊ ወደ ኀላፊ ሲመላለስ እያንዳንዱ «ሌላው ይነግረዋል» ካለ የሚነግረው አይገኝም። ወንበር ሰጥታችሁ አስቀምጡት፤ የሚፈለገውን ማስረጃ ሁሉ በአንድ ጊዜ ዘርዝራችሁ ንገሩት፤ ነገ የማይፈጸመውን ነገር «ነገ ና» አትበሉት። እርሱ በመንደሩ ለመሸበት እንግዳ ከዚህ የበለጠ ያደርጋል።