ከመጋረጃው ጀርባ የሚወራ፦ የሽሮ ሜዳ ሻጮች ስለ ደንበኞቻቸው

ሽሮ ሜዳ ላይ የሀበሻ ቀሚስ ልትገዙ ስትገቡ፣ ገና ደጃፉን ሳታልፉ ዋጋችሁ ተቆርጧል። ይህን በማውጣቴ የሚቀየሙኝ የሥራ ጓደኞች ይኖራሉ፤ ግን እሱን ሸፍኜ ሌላውን ልነግራችሁ አልችልም። ጫማችሁን እናያለን። ስልካችሁን እናያለን። ከማን ጋር እንደመጣችሁ፣ ስትቸኩሉ ወይም ስትዝናኑ እናያለን። ሚዜ አስከትሎ የመጣ ቤተሰብ የሚሰማው ዋጋና የሠፈራችን ሴት ብቻዋን መጥታ የምትሰማው አንድ አይደለም፤ ከአሜሪካ የመጣችዋ ደግሞ ሌላ ዋጋ ይጠራላታል። አሠሪ ለሻጯ የሚሰጣት ቁጥር አንድ ነው፤ "ከዚህ በታች እንዳትወርጂ"። ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ በክርክር የሚገኝ ነው። አንዳንድ ቤት ከዚያ ላይ ለሻጯ ኮሚሽን ያስባል፤ ሌላው ቤት ግን ብትሸጥም ባትሸጥም ደመወዟ ያው ነው።

ስለዚህ "ሌቦች ናችሁ!" ብሎ የሚጮህ ሰው ሲመጣ፣ ጥርጣሬው ከሰማይ የወረደ አይደለም። ጎረቤቱ ያንኑ ቀሚስ በስንት እንደገዛች ሰምቷል። እኔን የሚያንገበግበኝ ጩኸቱ የሚያርፍበት ቦታ ነው። ዋጋውን የቆረጠው ባለቤት ወይ ከኋላ ሒሳብ ይሠራል፣ ወይ መርካቶ ክር ሊያመጣ ወርዷል። ፊት ለፊት ያለችው ከጠዋት ጀምሮ የቆመች፣ ምሳዋን ከመጋረጃ ጀርባ በጥድፊያ የጎረሰች፣ ከተነገራት ቁጥር በታች አንድ ብር የመቀነስ ሥልጣን የሌላት ልጅ ናት።

በ2006 የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴ የዕቃውን ዋጋ በግልጽ እንዲያሳይ ያዛል። በሽሮ ሜዳ መደዳ እለፉና ስንት ቀሚስ ላይ ዋጋ ተለጥፎ እንደምታዩ ራሳችሁ ተመልከቱ። አዋጁ ለገዢ ሌላም ብዙ ነገር ሰጥቷል። ዕቃ ስላገላበጣችሁ ወይም ዋጋ ስለተከራከራችሁ ብቻ ግዙ ተብላችሁ አትገደዱም። በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ፣ ከነጋዴ ስድብና ዛቻ የመጠበቅ መብት አላችሁ። ደግ ሕግ ነው፤ እኔም ገዢ ስሆን መብቴን እጠይቅበታለሁ። ከባንኮኒው ወዲህ ለቆመችው ግን እንዲህ ብሎ የሚቆምላት አንቀጽ እዚያ ውስጥ የለም። በወንጀል ሕጉ ስድብ የሚያስቀጣ ጥፋት መሆኑ እውነት ነው፤ የሚያስቀጣው ግን ተሰዳቢው ራሱ አቤት ሲል ነው። የጥምቀት ሰሞን ሥራዋን ጥላ፣ ደንበኛ ልትከስ ፖሊስ ጣቢያ የምትሄድ ሻጭ አላውቅም። ብትሄድ ስትመለስ ቦታዋ ላይ ሌላ ልጅ ቆማ ነው የምታገኘው።

አሁን ጆሮአችሁን ወዲህ አድርጉ፤ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጥር ገና ሳይጋመስ ነው፤ ጥምቀትም ሠርግም የተደራረበበት፣ መተላለፊያ የጠፋበት ሰሞን። አንዲት ደንበኛ ነጭ የፈትል ቀሚስ ለካች፣ አወለቀች፣ ሌላ ለካች፣ አወለቀች። ፊቷን በደንብ ተቀብታ ነበር። ከለካቻቸው የአንዱ አንገትጌ ላይ የፋውንዴሽን ቅባት ተለቅልቆ ቀረ። አብራኝ የምትሠራው ልጅ ቀስ ብላ፣ ሰው እንዳይሰማ፣ "እህቴ፣ ቅባቱ ይቺን ትንሽ ነክቷታል" አለቻት። ሴትየዋ ሱቁ እስኪናወጥ ጮኸች። "የቆሸሸ ልብስ አስለክተሽ በኔ ልታላክኪ ነው? አንቺ ገጠሬ!" አለች። ቀሚሱን መሬት ላይ ወረወረችው።

ባለቤቱ ከውስጥ ወጣ። ልጅቷን ምን እንደሆነ አልጠየቃትም። ደንበኛዋ ፊት ተቆጣት፣ ይቅርታ አስጠየቃት፣ ከዚያ ሴትየዋ ለመረጠችው ሌላ ቀሚስ ጥሩ ቅናሽ አደረገላት። ሴትየዋ ደስ ብሏት ሄደች። ያን ዕለት ከሷ በፊት አንዲት ዝምተኛ አስተማሪ ያንኑ ዓይነት ቀሚስ፣ ትንሽ ተከራክራ፣ አመስግና፣ ከሷ በበለጠ ዋጋ ገዝታ ወጥታለች።

ይህን ልብ በሉልኝ፣ ምክንያቱም ገበያችን ውስጥ ከሚደረገው ሁሉ ክፉው ይህ ነው። ለጮኸው ቅናሽ፣ ለጨዋው ሙሉ ዋጋ። ባለቤቶቻችን ይህን የሚያደርጉት በክፋት ብቻ አይደለም። ሱቁ ጠባብ ነው፣ ሌሎች ገዢዎች ቆመው ይሰማሉ፣ ጩኸቱ ቶሎ ካልበረደ እነሱም ትተው ይወጣሉ። ስለዚህ ዝምታን በቅናሽ ይገዛሉ። የጮኸውም ሰው በሚቀጥለው በዓል ሲመጣ መጮህ እንደሚያዋጣ ተምሮ ይመጣል። ለእህቱም ይነግራታል። የምናማርረውን ደንበኛ የምናሳድገው እኛው ነን፤ ወጪውን የምትሸፍነው ግን ያቺ ልጅ ናት።

ስትሸፍን ደግሞ በምሳሌ አይደለም፣ በብር ነው። የፈትል ልብስ በረኪና አይወድም፤ ያለ ጥንቃቄ ውኃ ውስጥ ቢገባ የጥበቡ ቀለም ነጩ ላይ ሊለቅ ይችላል። ያ ቀሚስ ታጥቦም እንደ አዲስ አልሆነም፤ ዋጋው በወር መጨረሻ ከልጅቷ ደመወዝ ተቆረጠ። ከሻጮች መካከል ይህን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸውና እዚህ ላይ ልጻፈው፦ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ ከደመወዝ ላይ እንደፈለገ እንዲቆርጥ አይፈቅድም። ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልጋል፤ ያም ኖሮ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዙ ከሲሶ መብለጥ የለበትም። ያቺ ልጅ የፈረመችው ወረቀት አልነበረም። የሥራ ውሏም የቃል ነበር።

ሌላው የጠብ ምንጭ ግድግዳችን ላይ ተለጥፏል። "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" የሚለውን በየሱቁ አይታችኋል፤ ከጎኑ ደግሞ "ደንበኛ ንጉሥ ነው" የሚል ይኖራል። ሁለቱንም የለጠፈው ባለቤቱ ነው፤ በሁለቱ መካከል የምትቆመው ሻጯ ናት። የመጀመሪያው ጽሑፍ ሙሉ በሙሉ እውነት እንዳልሆነ ላንሾካሹክላችሁ። የገዛችሁት ዕቃ ጉድለት ያለበት ሆኖ ካገኛችሁት፣ አዋጅ 813 በ15 ቀን ውስጥ ይለወጥልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ የማለት መብት ሰጥቷችኋል። ጥልፉ ከተተረተረ፣ ስፌቱ ከለቀቀ፣ ደረሰኛችሁን ይዛችሁ ኑ። "ባሌ ቀለሙን አልወደደውም" ግን ጉድለት አይደለም። ለሠርግ ልክ ከተወሰደ በኋላ ወፍራችሁ ቢጠብባችሁም የልብስ ሰፊው ጥፋት አይደለም፤ በየዓመቱ በዚህ ምክንያት የሚሰደቡ ልብስ ሰፊዎች አሉ፤ አንገታቸውን ደፍተው የሚያሰፉ።

ደረሰኝ ካልኩ አይቀር፣ "ያለ ደረሰኝ ስንት ትይኛለሽ?" የሚለው ጥያቄም ወደ ስድብ ይለወጣል። ቫቱ 15 በመቶ ነው፤ ገዢው እሱን ለማስቀረት ሻጯን ያግባባል፣ እምቢ ስትለው "ግትር" ይላታል። ቢያዝ የሚቀጣው ሱቁ ነው፣ የምትባረረው እሷ ናት። ያው ሰው በሳምንቱ ጉድለት አግኝቶ ሲመለስ ደረሰኝ የለውም፤ ጩኸቱ ግን አለ።

ቴሌብርና የባንክ ዝውውር ከተለመዱ ወዲህ ደግሞ አዲስ ጠብ መጥቷል። ደንበኛው ከፍያለሁ ብሎ የስልኩን ስክሪን ያሳያል፤ መልእክቱ የባለቤቱ ስልክ ላይ አልገባም። ትንሽ ይታገሡን እንላለን። "ሌባ እመስልሻለሁ?" ይላል። አይመስልም። ግን የተቀነባበረ ስክሪንሾት አሳይተው ዕቃ ይዘው የሄዱ ሰዎች አሉ፣ የጎደለውንም የምትከፍለው ሻጯ ናት። መልእክቱ እስኪገባ እንድትጠብቁ ስትጠይቃችሁ ስለ እናንተ ያላትን ግምት እየተናገረች አይደለም፤ የወር ደመወዟን እየጠበቀች ነው።

ከሁሉ የከበደን ዘመን ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ያለው ነው። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ከውጭ የሚገባው ክር ተወደደ፣ ሸማኔውም ጤፍና ዘይት የሚገዛው በዚያው ገበያ ነውና ዋጋውን ጨመረ። "ባለፈው ዓመት በዚህ ብር ሁለት እገዛ ነበር" የምትል እናት እውነቷን ነው። አንዷ እንዲህ እያለች ስትሳደብ ቆይታ ድንገት እንባዋ መጣ፤ ልጇ በሳምንቱ ትዳራለች። የተጣላችው ከኛ ጋር አልነበረም። ያን ቀን ቀሚሱን የሸጥንላት በመጨረሻው ቁጥር ነው፣ ባለቤቱም አልተቆጣም። ከችግር የሚወጣ ቁጣና ከንቀት የሚወጣ ቁጣ ለየብቻ ናቸው፤ ሻጭ ሁለቱን ሳትሳሳት ትለያለች። የመጀመሪያውን እንችለዋለን። ሁለተኛው ነው ማታ ቤት ድረስ ተከትሎን የሚሄደው።

የሚሳደብ ሰው ምን እንደሚያጣም ልንገራችሁ፤ እሱ አያውቀውም። ቀሚስ ሁሉ መስቀያ ላይ አይወጣም። እጁ የተመሰከረለት ሸማኔ የሠራው፣ ጥበቡ ጥቅጥቅ ብሎ የተጣለው፣ ታጥፎ መደርደሪያ ውስጥ ይቀመጣል፤ የሚወጣው ሻጯ ልታወጣው ስትፈልግ ነው። የታተመውን ከተሸመነው የምትለየው እሷ ናት። ለእንግዳ ዓይን ሁለቱም ያምራሉ፤ የታተመው ግን ግልባጩ ሲታይ ቀለሙ የደበዘዘ ነው። "ይህን ይተዉት እማዬ፣ ከታጠበ በኋላ እንዲህ አይሆንም" የምትላችሁ ሰላምታ ስላገኘች ነው። ለተሳዳቢው ዝም ትላለች፤ የጠየቀውን ታቀርባለች፣ ገንዘቡን ትቀበላለች፣ መልካም በዓል ትላለች። ይህ በቀል አይደለም። ምክር ከልብ የሚወጣ ነገር ነው፣ አሠሪ ደመወዝ የከፈለው ደግሞ ለእጇና ለእግሯ ነው።

ለባለቤቶች የምለው አለኝ፤ አብረን ስለምንሠራ በቀጥታ ልናገረው። ዋጋ ለጥፉ። ክርክሩ ይቀራል ብላችሁ አትስጉ፣ ሀበሻ ከተለጠፈም ላይ ይከራከራል፤ ነገር ግን "ለኔ ብቻ ሰቀላችሁብኝ" የሚለው ቁጣ ይበርዳል። የሚለኩ ደንበኞች ፊት ላይ የሚጣል ሻሽ መለኪያው ክፍል ውስጥ ስቀሉ፤ ከአንድ ነጭ ቀሚስ እጥበት ይረክሳል። ሰው ልጆቻችሁን ሲሰድብ መጀመሪያ ልጆቻችሁን ጠይቁ። ለጩኸት ቅናሽ አትስጡ፤ መቀነስ ከቻላችሁ ለዚያች አስተማሪ ቀንሱላት።

ለእናንተ ለገዢዎች ደግሞ፦ ተከራከሩ፣ አገላብጡ፣ ግልባጩን እዩ፣ ሳትገዙ ውጡ፣ ደረሰኝ ጠይቁ። ሁሉም መብታችሁ ነው፤ ማናችንም በዚህ አንከፋም። ዋጋው ካልተለጠፈ ግን ባለቤቱን ጥሩትና እሱን ጠይቁት። ለጥምቀት የምትመጡ ከሆነ የተሸመነ ልብስ ጊዜ ይፈልጋልና ከገና በፊት እዘዙ፤ ለመለካት ስትመጡም ፊታችሁን ሳትቀቡ ኑልን።