ምሰሶ አይጫንም፣ ሲባጎ ግን ይታጠፋል፦ የልጅን ዕድገት በቤት ስለ መከታተል

በዛሬው ገጻችን ይዘን የቀረብነው ጉዳይ ከማናችንም ቤት የማይጠፋ ነው። ልጁ እያደገ ነው ወይስ ቆሟል? ይህን የማይጠይቅ ወላጅ የለም። ችግሩ ልጁን በየቀኑ የሚያየው ሰው ለውጡን አለማየቱ ነው። ዘመድ ከርሞ መጥቶ "እንዴ፣ ይሄ ልጅ ምነው እንዲህ ከሳ?" ሲል ነው እናት የምትደነግጠው። ዓይን ይለምዳላ! ስለዚህ ዓይንን የሚያግዝ ምልክት ያስፈልጋል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ምልክት ማድረግ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ወንዱ በአርባ፣ ሴቷ በሰማንያ ቀን ክርስትና ሲነሱ የታሰረላቸው ማተብ አንገት ላይ ሲጠብ በሌላ ይቀየራል። ጥርስ አወጣ፣ ዳኸ፣ ቆመ፣ ዳዴ አለ እየተባለ ይቆጠራል። ትምህርት ቤት ለመግባት ደግሞ መምህሩ ልጁን ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አዙሮ ግራ ጆሮውን እንዲነካ ያዘው ነበር። ብዙዎቻችን በዚህ ፈተና አልፈናል። ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ትንሽ ልጅ ጭንቅላቱ ትልቅ፣ እጁ አጭር ስለሆነ አይደርስም፤ ስድስት ሰባት ዓመት ሲሆነው ግን ይደርሳል። ጉድለቱ ግን ዕድሜው ደርሶ አካሉ የዘገየው ልጅ "ገና ነህ፣ ለከርሞ ና" ተብሎ መመለሱ ነው። ለምን እንደዘገየ የሚጠይቅ አልነበረም።

በሌላውም ዓለም ነገሩ የተጀመረው ከቤት ነው። ፈረንሳዊው ገኖ ደ ሞንቤያር በ1759 የተወለደ ልጁን ቁመት በየስድስት ወሩ ገደማ እየለካ እስከ 1777 ድረስ መዝግቧል። አንድ አባት ለአንድ ልጁ የያዘው ይህ መዝገብ ዛሬም የልጅ ዕድገት ጥናት ሲነሳ በመጀመሪያ ይጠቀሳል። ሐኪም ቤት ያሉት የዕድገት ሰንጠረዦች የመጡት ከዚህ በጣም ዘግይተው ነው።

እኛ ስደተኞች ግን የራሳችን ችግር አለብን። ደርግ በ1991 ከወደቀ በኋላ ድንበር የተሻገሩ ብዙ ወገኖቻችን ሞያሌና ሶሎሎ አካባቢ ዋልዳ ካምፕ ተጠልለው ነበር። ካምፑ በ1993 ሲዘጋ ብዙዎቹ ወደ ካኩማ ተዛወሩ። ሰው ዕቃውን ይጭናል፤ የልጁ ቁመት የተጫረበትን ምሰሶ ግን ነቅሎ አይጭንም። የክሊኒክ ካርድም ቢሆን በጉዞ ይጠፋል፣ ዝናብ ይመታዋል። በመጋቢት 2018 ወታደሮች ሞያሌ ውስጥ ሰላማዊ ሰዎችን ከገደሉ በኋላም ወደ አሥር ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ኬንያ ተሻግሯል። ከእነሱም አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። እንዲህ ባለ ቀን ካርድ የሚያስታውስ ማን ነው?

ካርድ ሲጠፋ ዕድሜም አብሮ ይጠፋል። "ለጊዮርጊስ ሰሞን ተወለደ" ይባላል፤ የየትኛው ዓመት ጊዮርጊስ? የዋልዳ ጎረቤቶቻችን ቦረናዎች ዘመን የሚቆጥሩት በስምንት ስምንት ዓመቱ የገዳ ሥልጣን ነው። "በጉዮ ጎባ ጊዜ የተወለደ" ሲሉ ከ2009 እስከ 2017 ባለው ውስጥ ማለት ነው። ለታሪክ ጥሩ ነው፣ ለሕፃን ግን ሰፊ ነው። ልደቱ የማይታወቅን ሰው ደግሞ ቢሮዎች ብዙ ጊዜ "ጃንዋሪ 1" ብለው ይመዘግቡታል። ለሕፃን ስድስት ወር መሳሳት ቀላል አይደለም፤ በደህና ያደገው የዘገየ፣ የዘገየው ደህና መስሎ ይታያል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ልጁ የተወለደበትን ቀን፣ ወርና ዓመት በሁለቱም አቆጣጠር ጽፎ ማስቀመጥ ነው።

ሁለተኛው ቁመት ነው። የማይለጠጥ ሲባጎ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ አዘጋጁ። ልጁ ጫማውን አውልቆ፣ ተረከዙንና ጀርባውን ከምሰሶ አስጠግቶ፣ ፊት ለፊት እያየ ይቁም። ደብተር ወይም ጠፍጣፋ እንጨት አናቱ ላይ አጋድማችሁ ምሰሶው ላይ ምልክት አድርጉ። ከዚያ ሲባጎውን ከመሬት እስከ ምልክቱ ዘርግታችሁ በቀለም ንኩት። አትቋጥሩት፤ ቋጠሮ ሲባጎውን ስለሚያሳጥረው የቀድሞው ልክ ይበላሻል። ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ደግሞ የሚለካው ተጋድሞ፣ እግሩን ዘርግቶ ነው። ምሰሶው ቢቀር እንኳ ሲባጎው ታጥፎ ከመታወቂያ ጋር አብሮ ይሄዳል።

ሲለካ ምን ይጠበቃል? ሕፃን ሲወለድ 50 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ዓመት ሲሞላው ወደ 75፣ ሁለት ዓመት ሲሞላው ወደ 87 ይደርሳል። ከዚያ በኋላ እስከ አምስት ዓመት በየዓመቱ ከ6 እስከ 9 ሳንቲ ሜትር ይጨምራል። በየሦስት ወሩ ለክታችሁ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ቀለሙ እዛው ቦታ ላይ ካረፈ ነገ ዛሬ ሳትሉ ክሊኒክ ውሰዱት።

"የእኛ ዘር አጭር ነው እኮ" የሚል አይጠፋም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2006 ያወጣው መለኪያ የተሠራው በብራዚል፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ባሉ ሕፃናት ላይ ነው። በደንብ የተመገበና ጤናው የተጠበቀ ሕፃን እስከ አምስት ዓመቱ በሁሉም አገር ተቀራራቢ ዕድገት እንዳለው ታይቷል። አገራችን ውስጥ በ2000 በተደረገው ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት 58 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ፤ በ2016 ቁጥሩ ወደ 38 በመቶ ወርዷል። በአሥራ ስድስት ዓመት ዘር አይለወጥም። የተለወጠው አኗኗሩ ነው።

ሦስተኛውና አስቸኳዩ ክንድ ነው። ቁመት የሚናገረው የወራትን ነው፤ ክንድ ግን የሳምንታትን ይናገራል። ሙዋክ የሚባለውን ባለ ሦስት ቀለም መለኪያ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ላለ ልጅ ያገለግላል። ከአንድ ዓመት በኋላ የደህና ልጅ ክንድ ውፍረት ብዙ ስለማይለወጥ ትክክለኛ ዕድሜው ባይታወቅም ችግር የለውም። ለዚህ ነው በካምፕ የሚመረጠው። ግራ ክንዱን ዘና አድርጎ ያውርድ፤ በትከሻና በክርን መካከል ለኩ፤ አታጥብቁ፣ አታላሉም። 12.5 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ አረንጓዴ ነው። ከ11.5 እስከ 12.5 ቢጫ ነው፤ ክሊኒክ ይታይ። ከ11.5 በታች ቀይ ነው፤ በዚያው ቀን ይሂድ። መለኪያው ከሌላችሁ የልብስ ሰፊ ሜትር ይሠራል። ይህን እናቶች ይችሉታል ወይ ለሚል፣ ኒጀር ውስጥ የተሠለጠኑ እናቶች የራሳቸውን ልጆች ለክተው ውጤታቸው ከጤና ሠራተኞች ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ተገኝቷል።

አንድ ማታለያ አለ። እግሩ ያበጠ ልጅ የወፈረ ይመስላል። ሁለቱንም እግሮች ከላይ በአውራ ጣት ተጫኑና ሦስት ሰከንድ ያህል ቆይታችሁ ልቀቁ። ጉድጓዱ ከቀረ፣ ክንዱ አረንጓዴ ቢያሳይም እንኳ፣ ልጁ በጠና ታሟልና ሩጡ።

አንዳንድ እናቶች ልጃቸው በሰው ፊት ሲለካ ደስ እንደማይላቸው እናውቃለን። የወፈረውን ዓይን እንዳይበላው፣ የከሳውን ደግሞ ሰው "ምን ሆነ?" እንዳይል ይሸፍኑታል። ከዓይን ያውጣው ማለት፣ ማሻአላህ ማለት ጥሩ ነው፤ አንቃወምም። ግን እናት በገዛ ቤቷ፣ በገዛ እጇ ስትለካ የማን ዓይን አለ? የቤት መለኪያ ጥቅሙ አንዱ ይኸው ነው።

ራሽን ሲቀንስ ቀድሞ የሚጎዳው ትንሹ ነው። በ2025 የዓለም የምግብ ፕሮግራም በኬንያ ካምፖች ራሽኑን እጅግ በቀነሰ ጊዜ ይህን ሁላችንም አይተነዋል። ልጁ እየቀነሰ መሆኑን በቁጥር ይዞ ክሊኒክ የሄደ ወላጅ "ልጄ ከሳብኝ" ብቻ ብሎ ከሚሄደው ይልቅ ይሰማል። ስለዚህ በኬንያ ክሊኒኮች የሚሰጠውን የእናትና ሕፃን ደብተር በላስቲክ ጠቅልሉት፤ ሲባጎውንም እዚያው ውስጥ አድርጉ። አባቶችም ይህ የሴት ሥራ ነው አትበሉ። ማንበብ የሚችሉት ትልልቅ ልጆች ቁጥሩን ይጻፉ፤ ነገ ለራሳቸው ልጆች ያደርጉታል። በየወሩ መጀመሪያ አንድ ቀን መርጣችሁ ክንድ ለኩ፤ በየሦስት ወሩ ቁመት። ለጎረቤታችሁም አሳዩ።