ባለ ወፍራም ጫማ የማተሚያ ፊደልና የእኛ ፊደል እግር

በላቲን ፊደል ዘንግ ጫፍ ላይ አጭር አግድም መስመር ይጨመራል። የማተሚያ ቤት ሰዎች ሰሪፍ ይሉታል፤ እኛ ግን ለዚህ ጽሑፍ እንዲመች «ጫማ» ብለን እንጠራዋለን። ጫማው ቀጭንና ሹል የሆነ ፊደል አለ፤ እንደ ጡብ አራት ማዕዘን ሆኖ ውፍረቱ ከፊደሉ ዘንግ ጋር የሚተካከልም አለ። የምንመረምረው ይህን ሁለተኛውን ነው። ዛሬ በኮምፒውተር የአማርኛ ፊደል መቅረጽ ለማንም የተከፈተ ሥራ ስለ ሆነ፣ ይህ መልክ ከላቲን እንዳለ ቢገለበጥ ምን እንደሚያበላሽ አስቀድሞ ማወቅ ይገባል።

ፊደሉ የንግድ ልጅ ነው። በሎንዶን ከተማ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1810ዎቹ ቪንሰንት ፊጊንስ የተባለ ፊደል ቀራጭ አውጥቶት ነበር፤ ከሩቅ እንዲነበብ ተብሎ በየግድግዳው በሚለጠፍ ማስታወቂያ ላይ ዋለ። የግብጽ ነገር ሁሉ በአውሮፓ የሚወደድበት ጊዜ ስለ ነበረ «ግብጻዊ» የሚል ስም ወጣለት፤ ከግብጽ ጽሕፈት ጋር ግን አንዳች ዝምድና የለውም። በ1845 ሮበርት ቤዝሊ ያወጣው ክላረንደን ጫማውን ከዘንጉ ጋር በጥምዝ አያይዞ ጠባዩን ስላለዘበው በመዝገበ ቃላት ውስጥ ቃላቱን አጉልቶ ለማሳየት አገለገለ። የፊደሉ ጠባይ ባጭሩ ይህ ነው፦ ውፍረቱ እኩል ነው፤ በመጥፎ ወረቀት ላይ እንኳ መስመሩ አይጠፋም። የጽሕፈት መኪናም የወደደው በሌላ ምክንያት ነው። በመኪናው ላይ ለእያንዳንዱ ፊደል የሚሰጠው ቦታ እኩል ስለ ሆነ ቀጭኑ ፊደል ሰፊ ጫማ ካላደረገ ግራና ቀኙ ባዶ ይቀራል።

እንግዲህ ጥያቄው ለእኛ ፊደል ጫማ ይሆነዋልን? የሚለው ነው። በላቲን ጫማው ድምፅ የለውም፤ ቢወልቅም ቃሉ ያው ነው። በእኛ ዘንድ ግን እግር ማለት አናባቢ ማለት ነው። የ«ለ» ቀኝ እግር መርገጫ ሲጨመርለት «ሊ» ይሆናል፤ «በ»ም እንዲሁ «ቢ»። በአንድ እግር የሚቆሙት ደግሞ ይብሳሉ። «ተ» እግሩ ወደ ቀኝ ሲሳብ «ቲ» ነው፤ ወደ ግራ ሲሳብ «ታ» ነው። እንደ ላቲኑ በሁለቱም በኩል ጫማ ብናደርግለት ምን ብለን እናነበዋለን? ከእግር ሸሽተን ወደ ራስ ብንወጣም ዕረፍት የለም፤ በ«ሰ» ራስ ላይ መስመር ሲጋደም «ሸ»፣ በ«ነ» ራስ ላይ ሲጋደም «ኘ» ይሆናልና። ግእዝ እነዚህ ድምፆች ስለሌሉት ይህ የራሱ ችግር በአማርኛ የባሰ ነው።

ይህ የቃላት ጨዋታ የሚመስለው ሰው ካለ ነገሩን በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ በኩል ይመልከተው። በጋይንት ውስጥ ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ፣ ዙር አምባ ደግሞ የዝማሬና መዋሥዕት ቤት ናቸው። ድጓ ሲጻፍ ከንባቡ በላይ ምልክት የሚባሉ ደቃቅ ፊደላት ይደረደራሉ። ምልክት በአብዛኛው ከታወቀ ዜማ ቃል ተቆርጠው የተወሰዱ አንድ ሁለት ፊደላት ሲሆኑ፣ ዜማው የሚታወሰው በእነርሱ ነው። ሥርዓቱን ያቆሙት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን የነበሩት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል መሆናቸው በሊቃውንቱ ዘንድ ይነገራል። በዚያ መጠን በተጻፈ ፊደል የሣልሱ እግር ከግእዙ እግር ካልተለየ የሚሳተው ንባቡ ብቻ አይደለም፤ ዜማውም አብሮ ይሳታል። ንባብ ቢጠፋ አንባቢው ከዐረፍተ ነገሩ ገምቶ ያቃናዋል፤ ምልክት ግን ዐረፍተ ነገር ስለሌለው የሚገመትበት የለም።

የብራና ጸሐፊዎች ይህን ያለ ማንም አስተማሪነት ያወቁ ይመስለናል። ጉልህ የተባለው የቁም ጽሕፈት ውፍረት አለው፣ ከሩቅ ይነበባል፣ ጫማ ግን የለውም። በፊደሉ ጫፍ ላይ የሚታየው ሰያፍ ቅርጽ ሰፋ ብሎ የተቆረጠ የመቃ ብርዕ የሚተወው አሻራ ነው፤ ከዘንጉ ወደ ጎን ስለማይወጣ ከአናባቢ ምልክት ጋር አይጣላም። የፊጊንስ ፊደል በብረት የፈለገውን ጉልበት ጸሐፊው በብርዕ አግኝቶታል። በጽሕፈት መኪና ጊዜ ነገሩ በሌላ መንገድ ተቃወሰ። ኢንጂነር አያና ብሩ ብዙውን ፊደል በጥቂት ቁልፍ ለማስገባት የአናባቢውን ምልክት ከፊደሉ ለይተው ለብቻው እንዲመታ አደረጉ። ዘዴው ብልህ ነበር፤ ሆኖም እግሩ ከባለቤቱ ሳይገጥም ሲቀር ለማየት ደስ አይልም።

እንግዲያስ ባለ ወፍራም ጫማው ፊደል ለእኛ ጥቅም የለውም ማለታችን ነውን? አይደለም። አማርኛና እንግሊዝኛ ጎን ለጎን በሚጻፉበት የመንገድ ሰሌዳ ወይም የመጽሐፍ ሽፋን ላይ ቀጭን የላቲን ፊደል ከእኛው ጥቁረት አጠገብ ሲቆም የደከመ ይመስላል፤ ባለ ወፍራም ጫማው ግን በክብደት ይመጣጠናል። ላቲኑ የራሱን ጫማ አድርጎ ይቁም፤ የእኛው ከእርሱ የእኩል ውፍረቱን ብቻ ይውሰድ፣ ጫፉም ቀጥ ብሎ ይቆረጥ። አዲስ የተቀረጸ ፊደል ሲቀርብ ደግሞ በትልቁ ታትሞ ማማሩን ማየት አይበቃም። «ተ፣ ቲ፣ ታ»፣ «ለ፣ ሊ»፣ «ሰ፣ ሸ» የሚሉት በድጓ ምልክት መጠን ተደባልቀው ይታተሙና ለአንድ የቤተልሔም ደቀ መዝሙር ይሰጡት፤ ሳያመነታ ለይቶ ካነበባቸው ፊደሉ ለማተሚያ ቤት ይሄዳል።