ከመለኪያው በፊት የዘነበ ዝናብ

መስኖ ሲነደፍ፣ ግድብ ሲሰላ፣ ድልድይ ሲታቀድ መሐንዲሱ አስቀድሞ የሚጠይቀው አካባቢው በዓመት ምን ያህል ዝናብ እንደሚያገኝ ነው። መልሱ የሚመጣው ከሜትሮሎጂ ጣቢያ መዝገብ ነው። ዓለም አቀፉ ልማድም የ30 ዓመት ልኬት አማካይ ተወስዶ መደበኛው ዝናብ ይህ ነው እንዲባል ነው። ይሁን እንጂ በኢትዮጵያ አብዛኞቹ ጣቢያዎች የተተከሉት ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ሲሆን፣ የብዙዎቹ መዝገብ በጦርነትና በአቅም እጦት ዓመታት የጎደሉበት ነው። ለመቶ ዓመት እንዲያገለግል የሚገነባ ነገር በሠላሳና በአርባ ዓመት ልኬት ላይ ይቆማል ማለት ነው። የዛፍ ቀለበት አጥኚዎች ሥራ የሚጀምረው ከዚህ ክፍተት ነው። እኔም የምከራከረው ለአንድ ነገር ነው፤ ዕድሜ የጠገቡ ጥዶቻችን የያዙት የዝናብ መዝገብ በውሃ ዕቅድ ጠረጴዛ ላይ ከጣቢያው መዝገብ ጎን ሊቀመጥ የሚገባው ማስረጃ ነው።

አጭር መዝገብ ምን ያህል እንደሚያሳስት ከየትም በላይ የታየው በአሜሪካው የኮሎራዶ ወንዝ ላይ ነው። በ1922 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በተፋሰሱ ያሉ ሰባት ክፍለ ግዛቶች ወንዙን ለመካፈል ሲስማሙ በእጃቸው የነበረው የፍሰት ልኬት ከጥቂት አሥርት ዓመታት ያላለፈ ነበር። በዚያ ተማምነው ለላይኛውና ለታችኛው ተፋሰስ በድምሩ 15 ሚሊዮን ኤከር ጫማ፣ ማለትም 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውሃ በየዓመቱ ደለደሉ። በ1944 ደግሞ ለሜክሲኮ ሌላ 1.5 ሚሊዮን ኤከር ጫማ ተጨመረ። ከዚያ በ1976 ቻርልስ ስቶክተንና ጎርደን ጃኮቢ የተባሉ ተመራማሪዎች ከተፋሰሱ ዛፎች ቀለበት ተነስተው የወንዙን የጥንት ፍሰት አሰሉ። ውጤታቸው ወንዙ በረጅም ዘመን አማካይ የሚያመጣው 13.5 ሚሊዮን ኤከር ጫማ፣ ማለትም 16.7 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ መሆኑን አሳየ። የ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ደግሞ ከአራት መቶ በላይ ዓመታት ውስጥ እጅግ እርጥብ ከሆኑት ጊዜያት አንዱ ሆኖ ተገኘ። ለካዮቹ አልተሳሳቱም፤ መሣሪያቸውም በትክክል ይሠራ ነበር። ችግሩ የለኩት ዘመን ከሌላው ዘመን የተለየ መሆኑ ነበር፤ ያንን ደግሞ መለኪያው ራሱ ሊነግራቸው አይችልም ነበር። ዛሬም ድረስ ክፍለ ግዛቶቹ የሚወዛገቡት በወረቀት ላይ ተደልድሎ በወንዙ ውስጥ ባልተገኘ ውሃ ነው።

ዛፍ ይህን መዝገብ የሚይዝበት መንገድ ቀላል ነው፤ አስቸጋሪው ንባቡ ነው። እንደ ጥድ ያለ ዛፍ እርጥበት ሲያገኝ ሰፋፊ፣ ግድግዳቸው ስስ የሆኑ ሕዋሶች ያበጃል። ውሃው እያነሰ ሲሄድ ሕዋሶቹ ይጠብባሉ፣ ግድግዳቸው ይወፍራል፣ በመጨረሻም እድገቱ ይቆማል። በሚቀጥለው ክረምት ሰፊዎቹ ሕዋሶች እንደገና ሲጀምሩ በሁለቱ መካከል ጥቁር መስመር ይታያል። የዓመቱ ቀለበት የምንለው በሁለት መስመሮች መካከል ያለውን ነው። ውሃ ባጠረበት አገር ደግ ክረምት ሰፊ ቀለበት፣ ክፉ ክረምት ጠባብ ቀለበት ይተዋል። ናሙናው የሚወጣው ክብ ባዶ ጫፍ ባለው የእጅ መሰርሰሪያ ነው። ውፍረቱ 5 ሚሊ ሜትር ያህል የሆነች ቀጭን ዘንግ ከግንዱ ትወጣለች፤ ዛፉ አይቆረጥም። ዘንጓ ደርቃ፣ በእንጨት ላይ ተጣብቃ፣ እየደቀቀ በሚሄድ የብርጭቆ ወረቀት እያንዳንዱ ሕዋስ በማጉያ እስኪለይ ድረስ ትፋቃለች። ከዚያ ቀለበቶቹ በሚሊ ሜትር መቶኛ ይለካሉ። የሙያው ልብ ግን ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ማስተያየት ነው። አንድ ዛፍ በክፉ ዓመት ቀለበት ሳያበጅ ሊቀር፣ በክረምቱ መካከል ዝናብ ተቋርጦ ሲመለስ ደግሞ ሐሰተኛ ቀለበት ሊጨምር ይችላል። ስለዚህ የብዙ ዛፎች የጠባብና የሰፊ ቀለበት ቅደም ተከተል ጎን ለጎን ይደረደራል። በሽንጎ ፊት ለየብቻ የተጠየቁ እማኞች ቃላቸው ሲገጥም እንደሚታመኑ ሁሉ፣ በተለያየ ተዳፋት ላይ የበቀሉ ዛፎች በአንድ ዓመት አብረው ሲጠብቡ ያ ዓመት የጋራ ምክንያት ነበረው ማለት ነው። ቃሉ ከሌሎቹ ያልገጠመ ናሙና የት ላይ እንደሳተ ይፈተሻል፤ ካልታወቀ ይወጣል።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከራሱ ከሳይንሱ ውስጥ የመጣ ሲሆን ክብደት አለው። ቀለበት የሚያበጁት ብርዳማ ወቅት ያለባቸው አገሮች ዛፎች ናቸው፤ በሐሩር ክልል ዛፍ ዓመቱን ሙሉ ስለሚያድግ ቀለበቱ ዓመት አይቆጥርም የሚል ነው። ለረጅም ጊዜ የሐሩር አፍሪካ ዛፎች ብዙም ሳይጠኑ የቆዩት በዚህ ምክንያት ነበር። ነገር ግን እድገትን የሚያስቆመው ብርድ ብቻ አይደለም፤ ድርቀትም ያስቆማል። በሰሜን ኢትዮጵያ ዝናቡ ከሞላ ጎደል በክረምት ተጠቃሎ ይወርድና ረጅም በጋ ይከተላል፤ ዛፉ የሚያርፈው ያኔ ነው። ይህም በግምት ብቻ አልተተወም። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መባቻ የተካሄዱት የኑክሌር ሙከራዎች በአየር ውስጥ ያለውን የካርቦን 14 መጠን በእጥፍ ያህል አንረውት ነበር። ያ ጭማሪ በዚያን ጊዜ ባደገ እንጨት ሁሉ ውስጥ ተመዝግቧል። አንድን ቀለበት ወስዶ ካርቦኑን መለካት በቆጠራ የተሰጠው ዓመት ትክክል መሆን አለመሆኑን ያጋልጣል። በኢትዮጵያ ጥዶች ላይ ይኸው ምርመራ ተካሂዷል፤ ቀለበቱ በሁሉም ቦታ የዓመት እንዳልሆነም ያስተማረን እሱ ነው። በልግም ክረምትም በሚዘንብበት አካባቢ ዛፉ በአንድ ዓመት ሁለት ጊዜ አድጎ ሁለት ጊዜ ሊያርፍ ይችላል። እንግዲህ ተቃውሞው ግማሽ እውነት አለው። የሚያስገድደውም ሥራውን መተው ሳይሆን ቦታ መምረጥና እያንዳንዱን ቦታ ለብቻው መፈተን ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ቀለበት ዝናብን ብቻ አይጽፍም የሚል ነው፤ ይህም እውነት ነው። ለማገዶና ለአጥር ቅርንጫፉ የተመለመለ ጥድ ዝናብ ቢጠግብም ጠባብ ቀለበት ያበጃል። ጎረቤቱ የተቆረጠበት ዛፍ ድርቅ ቢሆንም ብርሃንና ውሃ አግኝቶ ይሰፋል። ወጣት ዛፍ በዕድሜው ብቻ ሰፋፊ ቀለበት ይኖረዋል። መልሱ በከፊል ብዛት ነው፤ ምልመላና የጎረቤት መቆረጥ በየዛፉ በተለያየ ዓመት ስለሚደርስ በብዙ ዛፎች አማካይ ውስጥ ይሟሟል፣ ዝናብ ግን ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይነካል። በከፊል ደግሞ ስሌት ነው፤ የዕድሜው አዝማሚያ ተሰልቶ ይነሳል። ስሌቱ ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ የዕድሜን ዝግ ያለ ለውጥ ስናነሳ በመቶ ዓመት ዝግ ብሎ የመጣን የአየር ንብረት ለውጥም አብረን ልናነሳ እንችላለን። ስለዚህ የጥድ ቀለበት ክፉውን ዓመት ከደጉ ለመለየት ጠንካራ ነው፤ ዝናቡ ከዘመን ዘመን ቀስ እያለ መቀነሱን ለመናገር ግን ደካማ ነው። ከሚችለው በላይ ያልተጠየቀ ማስረጃ በሚችለው ሊታመን ይገባል።

የሚችለው ምን ያህል እንደሆነ በ2017 የታተመው የሙሉጌታ ሞክሪያ፣ የአስቴር ገብረክርስቶስና የባልደረቦቻቸው ጥናት አሳይቷል። ከሰሜን ኢትዮጵያ ጥዶች ተነስተው በላይኛው ዓባይ ተፋሰስ አካባቢ የዘነበውን ዝናብ ከ1811 ጀምሮ ዓመት በዓመት መልሰው አስልተዋል። በጣቢያ ከተለካው የዓመት ዝናብ ጋር ያለው ዝምድና 0.68 ነው። ይህ ማለት ከዝናቡ መዋዠቅ ግማሽ ለመሙላት ጥቂት የቀረውን ያህል ቀለበቱ ይገልጸዋል፤ የቀረውን አይገልጽም። ከውጤቱ ለዕቅድ የሚጠቅመው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ደረቅ ዓመት በአማካይ በ4.1 ዓመት፣ እጅግ ደረቅ ዓመት በ8.8 ዓመት አንዴ ይመለሳል። ሁለተኛ፣ ተከታትሎ እስከ ሰባት ዓመት የዘለቀ የዝናብ እጥረት ቢኖርም ከደረቆቹ ክስተቶች 78 በመቶ ያህሉ የቆዩት አንድ ዓመት ብቻ ነው። ሦስተኛ፣ እጅግ ደረቅ ከሆኑት ክስተቶች የፓስፊክ ውቅያኖስ መሞቅ ከሆነው ከኤል ኒኞ ጋር የገጠሙት 38.5 በመቶዎቹ ናቸው። የመጨረሻው በተለይ ሊያሳስበን ይገባል። የኤል ኒኞ ማስጠንቀቂያ ሲመጣ መሰናዳት ልማድ እየሆነ ነው፤ መልካም ልማድም ነው። ሆኖም ከሁለት መቶ ዓመት መዝገብ አንጻር ከክፉዎቹ ዓመታት የሚበዙት ያለ ኤል ኒኞ የመጡ ናቸው። ማስጠንቀቂያውን ብቻ የሚጠብቅ የእህል ክምችት ብዙውን ጊዜ ይዘገያል። እንዲህ ያለ ድምዳሜ ከሠላሳ ዓመት መዝገብ አይገኝም፤ በሠላሳ ዓመት ውስጥ የሚመጡት እጅግ ደረቅ ዓመታት ሦስት ወይም አራት ስለሆኑ ከእነሱ ሕግ ማውጣት አይቻልም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከታሪክ ወገን ይመጣል። ዜና መዋዕል አለን፣ የአባቶች ትውስታ አለን፣ ካይሮ ላይ የዓባይን ከፍታ ሲለኩ የኖሩ የመካከለኛው ዘመን መዝገቦች አሉ፤ ዛፍ መጠየቅ ለምን አስፈለገ? እነዚህ ሁሉ ውድ ምንጮች ናቸው፤ የሚመዘግቡት ግን ሌላ ነገር ነው። የካይሮው ልኬት ከሰፊ ደጋ የተሰበሰበ ውሃ ድምር ስለሆነ ጎንደር በረሃብ ሲጎዳ ጎጃም ዘንቦለት እንደሆነ አይለይም። ዜና መዋዕል ደግሞ የሚጽፈው ረሃብን ነው፤ ረሃብና የዝናብ እጥረት አንድ አይደሉም። ከ1888 እስከ 1892 የዘለቀው ክፉ ቀን ለዚህ ምስክር ነው። በ1887 በምጽዋ በኩል የገባው የከብት ደስታ በሽታ የአገሪቱን ከብት አብዛኛውን ፈጀ፤ ገበሬው የሚያርስበት በሬ አጣ፤ ድርቅ፣ አንበጣና ተምች ተጨመሩበት። በመጽሐፍ የተጻፈው እልቂቱ ነው፤ ከእልቂቱ ውስጥ የሰማዩ ድርሻ ስንት፣ የከብቱ ስንት፣ የአስተዳደሩ ስንት እንደነበር ለመለየት ዝናቡን ብቻ የጻፈ ሌላ መዝገብ ያስፈልጋል። ይህ ለፍትሕም ይጠቅማል፤ ሰው ያመጣውን ረሃብ በሰማይ ላይ ማላከክ የሚቀለው የዚያ ዓመት ዝናብ በማይታወቅበት ጊዜ ነው።

ከሁሉም ጠንካራው ተቃውሞ የመጨረሻው ነው። ምድር እየሞቀች ነው፤ የነገው አየር እንደ ትናንቱ አይሆንም፤ ታዲያ የትናንቱን ማወቅ ምን ይረባል? እኔ ከዚሁ ሐቅ የምወስደው ተቃራኒውን ነው። የነገውን ዝናብ የሚተነብዩልን የኮምፒውተር ሞዴሎች በምሥራቅ አፍሪካ ላይ እርስ በርሳቸው አይስማሙም። ከመካከላቸው የትኛውን እንመን ብሎ ለመምረጥ የሞዴሉን ስሌት ካለፈው ጋር ማስተያየት ግድ ነው፤ ያለፈው ረዘም ባለ መጠን ፈተናው ይጠነክራል። ከዚህም ሌላ፣ ያለፉት ሁለት ምዕተ ዓመታት ድርቆች አብዛኞቹ የደረሱት ምድር ከዛሬው በቀዘቀዘችበት ጊዜ ነው። ያው የዝናብ እጥረት ዛሬ ቢመለስ በሞቀ አየር ውስጥ ከአፈሩና ከግድቡ የሚተነው ውሃ ይበዛል። ስለዚህ የጥዶቹ መዝገብ የነገውን ልክ ባይነግረንም ልንዘጋጅለት የሚገባንን ዝቅተኛ ወሰን ያሳየናል። ይህች ምድር ያለ ማንም ተጽዕኖ ያየችውን ክፉ ዓመት መቋቋም የማይችል ዕቅድ የሚመጣውን ሊቋቋም አይችልም።

ይህን መዝገብ ግን እያጣነው ነው። የሐበሻ ጥድ ምስጥ የማይደፍረው ጠንካራ እንጨት ስለሆነ ለምሰሶ፣ ለአጥርና ለቤት ሲቆረጥ ኖሯል፤ በሰሜኑ ደጋ ዕድሜ የጠገበው ጥድ በብዛት የተረፈው በአብያተ ክርስቲያናትና በገዳማት ቅጥር ነው። የቆመውን መጠበቅ የመጀመሪያው ሥራ ነው፤ የሞተው እንጨትም ግን መዝገብ መሆኑን ማወቅ ይገባል። የሙያው መሥራች አንድሩ ዳግላስ በ1929 በአሪዞና ሾው ሎው በተባለች ከተማ ከጥንት ፍርስራሽ የወጣች አንዲት የከሰለች ግንድ ቀለበት ቆጥሮ ሁለት የተቆራረጡ የዘመን ሰንሰለቶችን አገናኝቷል፤ በዚያም በ13ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ አካባቢውን የመታው ታላቅ ድርቅ ዓመቱ ታወቀ። በእኛም አገር በየደብሩ ጣራ ሲታደስ የሚወርደው አሮጌ የጥድ ወራጅና ማገር ለማገዶ ይሄዳል፤ ከእያንዳንዱ ጫፍ አንድ ስስ ቁራጭ ተቆርጦ፣ የወጣበት ደብርና ቀን ተጽፎበት ቢቀመጥ መዝገቡን ከ1811 ወደ ኋላ የመግፋት ተስፋ ይሰጣል። ይህ መጋዝ፣ እርሳስና ደረቅ መደርደሪያ እንጂ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ለካህናቱና ለአናጢዎቹ መናገር የደን ባለሙያዎች ድርሻ ነው፤ ቁራጮቹን ተቀብሎ የሚያስቀምጥ ክፍል ማዘጋጀት የዩኒቨርሲቲዎች ድርሻ ነው። የውሃ ሥራ ለሚያጸድቁ ሰዎች ደግሞ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ የዝናብ አማካይ የተጻፈበት ሰነድ ሁሉ አማካዩ ከስንት ዓመት ልኬት እንደተወሰደና ያ ዘመን ከረጅሙ የዛፎች መዝገብ ጋር ሲተያይ ደግ ይሁን ክፉ እንዲጽፍ ይገደድ። ኮሎራዶን ለተካፈሉት ሰዎች ይህን ሊነግራቸው የሚችል ማስረጃ በ1922 ገና አልተሰላም ነበር። የእኛው ተሰልቶ ታትሟል፤ ሳያዩት ለሚጸድቅ ዕቅድ አላወቅንም ነበር የሚለው ምክንያት አይሠራም።