የመንግሥት መዝገብና የተዘጋ በር፤ ክርክሩን ማን ይዳኘው?

«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» ይላል የአገራችን ሰው። የዚህ ምሳሌ ትርጉሙ ጥልቅ ነው። ሰውን የሚያንገበግበው ማጣቱ ብቻ ሳይሆን ምክንያቱ ሳይነገረው፣ ዳኛም ሳያየው መቅረቱ ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤትና በባለጉዳይ መካከል ስለ መዝገብ የሚነሣው ክርክርም ከዚህ የተለየ አይደለም። አንድ ሰነድ ለማየት ጠይቆ «ይህ በዚህ አንቀጽ የተከለከለ ነው» የሚል መልስ በጽሑፍ የተሰጠው ሰው፣ ቅር ቢለውም መንገዱን ያውቃል፤ ይግባኝ ይላል፣ ወይም ይተወዋል። «ነገ ተመለስ» እየተባለ ወራት የተመላለሰው ግን የሚከራከርበት ነገር እንኳ የለውም፤ ሄዶ ሄዶም በመንግሥቱ ላይ ያለው እምነት ይጎድላል።

በወደብ አገር የሚሠራ ነጋዴ የወረቀትን ዋጋ ከማንም ይልቅ ያውቀዋል። ሰነዱ ያልተሟላ ዕቃ ከመርከብ ቢወርድም ከጉምሩክ መጋዘን አይወጣም። የጨረታው ደንብ በጊዜው ያልደረሰው ሰው፣ ገንዘብም ችሎታም ቢኖረው ከውድድሩ ውጭ ነው። የከተማ ምክር ቤት በሩን ዘግቶ የገበያውን ቦታ ለማዛወር የወሰነ እንደ ሆነ፣ ባለሱቁ ውሳኔውን የሚሰማው አፍራሹ ሠራተኛ ከደጁ ሲደርስ ነው። አስተዳዳሪውም በበኩሉ ጭንቀት አለበት፤ ሰነዱን ቢሰጥ «ምስጢር አወጣህ»፣ ቢከለክል ደግሞ «በደልኸን» ይባላል። እንግዲህ ለሁለቱም የሚበጀው፣ በመካከላቸው ቆሞ በአጭር ጊዜና በትንሽ ወጪ የሚዳኝ አካል መኖሩ ነው።

የመንግሥት ነገር ለሕዝብ ይገለጥ ማለት ለእኛ ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ አሳብ አይደለም። ጥንት ነጋሪት እየተጎሰመ አዋጅ ሲነገር፣ የሰማው ላልሰማው እንዲያሰማ ይታዘዝ ነበር፤ በ1934 ዓ.ም. መውጣት የጀመረው የሕግ ጋዜጣም ስሙን የወሰደው ከዚሁ ከነጋሪቱ ነው። ሆኖም ነጋሪት የሚያሰማው የተወሰነውን ነገር እንጂ እንዴት እንደ ተወሰነ አይደለም። የውሳኔውን መነሻ፣ ማለት ቃለ ጉባኤውን፣ ውሉንና ሒሳቡን ማየት የሕዝብ መብት ነው ተብሎ በሕግ የተጻፈው በመጀመሪያ በስዊድን አገር በ1766 ነው። (ከዚህ በኋላ ስለ ውጭ አገር የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።) ያ ሕግ ለፕሬስ ነጻነት የወጣ ሲሆን፣ ጸሐፊ የመንግሥትን ሰነድ ካላየ እውነቱን ሊጽፍ አይችልም በማለት መዝገብ ቤቱን አብሮ ከፈተው።

ይሁን እንጂ መብቱ በሕግ መጻፉ ብቻውን እንደማይበቃ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ በዚሁ በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ የምትገኘው ሞምባሳ በቂ ምስክር ናት። የኬንያ መንግሥት ከቻይና የወጪና የገቢ ንግድ ባንክ ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተበድሮ ከሞምባሳ እስከ ናይሮቢ አዲስ የባቡር ሐዲድ አሠርቶ በ2017 አስመረቀ። በ2019 ደግሞ ወደብ የሚደርሰው ኮንቴይነር ወደ መሐል አገር በባቡር እንዲጫን ትእዛዝ ወጣ። ከዚህ የተነሣ የከባድ መኪና ባለቤቶች፣ የጉምሩክ አስተላላፊዎችና ባለመጋዘኖች ሥራቸው ስለ ተጓደለ የሞምባሳ ሕዝብ አደባባይ ወጥቶ ጮኸ። ነጋዴው ሊያውቅ የፈለገው ነገር ቀላል ነበር። ብድሩ የተወሰደው በምን ውል ነው? ጭነቱ ሁሉ በባቡር እንዲሄድ የሚያስገድደው ነገር በውሉ ውስጥ አለን?

የኬንያ ሕገ መንግሥት በ2010 በ35ኛው አንቀጹ ለዜጋ ሁሉ በመንግሥት እጅ ያለውን መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶ ነበር። በ2016 የወጣው ዝርዝር ሕግም መሥሪያ ቤቱ በ21 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ፣ የሰውን ሕይወት ወይም ነጻነት የሚነካ ጥያቄ ሲሆን ደግሞ በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲመልስ ያዝዛል፤ ጠያቂውም ለምን እንደ ፈለገው መናገር አይገደድም። ይህ ሁሉ ተጽፎ ሳለ የባቡሩ ውል ከካዝና አልወጣም። በመጨረሻ ሁለት የመብት ተሟጋቾች ነገሩን ወደ ሞምባሳ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ወሰዱት። በመንግሥት በኩል ውሉ ራሱ ምስጢር እንዲጠበቅ ያስገድዳል የሚል መከራከሪያ ቀረበ። ዳኛው ጆን ማቲቮ ግን በሜይ 13 ቀን 2022 በሰጡት ፍርድ ሰነዶቹን መከልከል ሕገ መንግሥቱን መጣስ መሆኑን ገልጠው እንዲሰጡ አዘዙ። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር፣ ከምርጫ በኋላ ሥልጣን የያዘው አዲሱ መንግሥት የብድር ውሎቹን ለሕዝብ አወጣ።

ፍርዱ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ነጋዴው ሒሳቡን ያስብ። ብድሩ ከተፈረመበት ከ2014 ጀምሮ ውሉ እስከ ታየበት ቀን ድረስ 8 ዓመት አልፏል፤ ጭነት በባቡር እንዲሄድ ትእዛዝ ከወጣም በኋላ 3 ዓመት ተቆጥሯል። በዚህ መካከል መኪናውን የሸጠው ሸጦአል፣ መጋዘኑን የዘጋው ዘግቶአል። ፍርድ ቤት ታላቅ ዳኛ መሆኑ ባይካድም፣ ለእያንዳንዱ ወረቀት ጠበቃ ቀጥሮ፣ የዳኝነት ገንዘብ ከፍሎ፣ ቀጠሮ እየቆጠረ ሊከራከር የሚችል ባለጉዳይ ጥቂት ነው። አምስት ገጽ ቃለ ጉባኤ ለማየት የፈለገ ባለሱቅ ይህን ሁሉ ወጪ አይችለውም፤ ስለዚህ መብቱን እያወቀ ይተወዋል።

ከፍርድ ቤት በመለስ ያለውን መንገድ በግልጥ ካሳዩት አገሮች አንዷ በሰሜን አሜሪካ የምትገኘው ኮነቲከት የተባለችው ትንሽ ክፍለ ግዛት ናት። በ1975፣ ኤላ ግራሶ የተባሉት እመቤት አገረ ገዥ በነበሩበት ጊዜ፣ ስለ መዝገብና ስለ ስብሰባ የሚነሣውን ክርክር ብቻ የሚያይ ኮሚሽን በሕግ አቋቋመች። ባለጉዳዩ ለጥያቄው በአራት የሥራ ቀን ውስጥ አዎንታዊ መልስ ካላገኘ እንደ ተከለከለ ይቆጠራል። ይህ ድንጋጌ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን «ነገ ተመለስ» የሚለውን ቃል ኃይል የነሳው እርሱ ነው። ዝም ማለት መልስ መሆኑ ቀርቶ፣ ይግባኝ የሚባልበት እንቢታ ሆኖአልና። የተከለከለውም ሰው በ30 ቀን ውስጥ አቤቱታውን ለኮሚሽኑ ይጽፋል። ጠበቃ ማቆም ግዴታው አይደለም።

አቤቱታው እንደ ቀረበ ወዲያው ወደ ችሎት አይሄድም። ከኮሚሽኑ የሕግ ባለሙያዎች አንዱ እንደ ሽማግሌ ሆኖ ሁለቱን ወገኖች ያነጋግራል። ክርክሩ ከክፋት ሳይሆን ካለመግባባት የመጣ ሲሆን ነገሩ በዚሁ ሊያልቅ ይችላል፤ ጠያቂው «የ1998 ፋይሎች ሁሉ ይሰጡኝ» ያለው፣ በእርግጥ የፈለገው አንድ ደብዳቤ ሊሆን ይችላልና። እርቁ ካልሆነ ነገሩ በኮሚሽኑ ይሰማል፤ ኮሚሽኑም አቤቱታው በቀረበ በአንድ ዓመት ውስጥ እንዲወስን ሕጉ ያስገድደዋል። ያልተስማማው ወገን፣ መሥሪያ ቤትም ቢሆን፣ ወደ ፍርድ ቤት ይግባኝ ማለት ይችላል። እርግጥ አንድ ዓመት ለነጋዴ ረጅም ጊዜ ነው፤ ቢሆንም መጨረሻው የሚታወቅ ዓመት መጨረሻው ከማይታወቅ ወር ይሻላል።

የስብሰባውም ነገር እንዲሁ በልክ ተደንግጎአል። በኮነቲከት ሕግ መሠረት የመደበኛ ስብሰባ አጀንዳ ከ24 ሰዓት በፊት ለሕዝብ መታየት አለበት። የተሰጠው ድምፅ በ48 ሰዓት ውስጥ ተጽፎ ይገለጣል፤ ቃለ ጉባኤውም በ7 ቀን ውስጥ ይቀርባል። በሩን መዝጋት የሚቻለው ስለ አንድ ሹም ወይም ሠራተኛ ሹመትና ጠባይ፣ ስለ ፍርድ ቤት ክርክር፣ ስለ ጥበቃ፣ ወሬው ቢሰማ ዋጋ ስለሚያስወድድ የመሬት ግዥና በሕግ ምስጢር ስለሆነ ሰነድ ለመነጋገር ብቻ ነው። ይህም ቢሆን ምክንያቱ በአደባባይ ተነግሮ፣ ከተገኙት አባሎች ሁለት ሦስተኛው ሲስማሙ ነው። ስለ ራሱ የሚወራበት ሠራተኛ «በግልጥ ይነገርልኝ» ካለ በሩ አይዘጋም። ምክር ቤቱ ይህን አፍርሶ በስውር ቢወስን፣ ኮሚሽኑ ውሳኔውን ከንቱ ሊያደርገው ይችላል። ለከተማ ሹም ከወቀሳ ይልቅ የሚከብደው ይህ ነው፤ ሥራው ሁሉ እንደገና ይጀመራልና።

ወደ ኢትዮጵያ ሕግ ስንመለስ መሠረቱ አለመጓደሉን እናያለን። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ12ኛው አንቀጽ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዝዛል፤ በ29ኛው አንቀጽ ለፕሬስ የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ የማግኘት ዕድል ይሰጣል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ስብሰባም በግልጽ እንዲካሄድና ዝግ የሚሆነው ከግማሽ በላይ አባሎች ሲደግፉት ብቻ እንዲሆን በ58ኛው አንቀጽ ተጽፎአል። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ ስለ መረጃ ነጻነት ዝርዝሩን ደነገገ። ጥያቄ በጽሑፍም በቃልም እንዲቀርብ፣ መጻፍ ለማይችለው ሰው የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ እንዲጽፍለት፣ መልስም በ30 ቀን ውስጥ እንዲሰጥ አዘዘ። የተከለከለው ሰው አስቀድሞ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ፣ ቀጥሎ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም፣ በመጨረሻም ለፍርድ ቤት እንዲያመለክት መሰላል ሠራለት።

እንባ ጠባቂ የሚለው ስም እጅግ ያማረ ነው። በ1809 በስዊድን የተጀመረውን ሹመት የእኛ ሰዎች ሲሰይሙት በባዕድ ቃል አልጠሩትም፤ የተበደለውን ሰው እንባ አስበው ሰየሙት እንጂ። ነገር ግን እንባን መጠበቅና እንባን ማበስ ልዩ ልዩ ነው። አቤቱታ ሰምቶ ምክርና አሳብ ብቻ የሚሰጥ ተቋም፣ መሥሪያ ቤቱ አልሰማም ሲለው ባለጉዳዩን ወደዚያው ወደ ረጅሙ የፍርድ ቤት መንገድ ይመልሰዋል። በኬንያ ሕግ የአስተዳደር ፍትሕ ኮሚሽን ሰነድ እንዲሰጥ ሊያዝዝ፣ ትእዛዙም በከፍተኛው ፍርድ ቤት ተመዝግቦ እንደ ፍርድ ሊፈጸም ይችላል። በእኛ አሳብ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ይህ ነው። በቅርብ ያለው ዳኛ ቃሉ የሚፈጸም መሆን አለበት፤ አለዚያ ሽማግሌው ተሰብስቦ፣ ቡናው ተጠጥቶ፣ ነገሩ ግን እንደ ነበረ ይቀራል።

ይህን ስንል ሁሉም መዝገብ ይከፈት ማለታችን አይደለም። የአገር መከላከያ ምስጢር፣ የሕመምተኛ ካርድና የግል ሰው ገመና ሊጠበቁ ይገባል። ነጋዴ ራሱ የዚህ ጥበቃ ተጠቃሚ ነው፤ ለጨረታ ያቀረበው ዋጋ ፖስታው ሳይከፈት በተወዳዳሪው እጅ ቢገባ ከሳሪው እርሱ ነውና። ነገር ግን ጨረታው ተከፍቶ ውሉ ከተፈረመ በኋላ፣ መንግሥት ለማን ምን ያህል እንደ ከፈለ ምስጢር ሊሆን አይገባም፤ የወጣው የሕዝብ ገንዘብ ነው። በአንድ ሰነድ ውስጥ የሚሰጥና የማይሰጥ ነገር ቢገኝም፣ የማይሰጠው ተሸፍኖ የቀረው ይሰጣል እንጂ ለአንድ መሥመር ሲባል መዝገቡ በሙሉ አይቆለፍም።

እንግዲህ ጠያቂው የሚፈልገውን ሰነድ በስሙና በቀኑ ለይቶ ይጻፍ፤ ማመልከቻውን መዝገብ ቤት አስመዝግቦ ቁጥሩንና ቀኑን ይያዝ፤ ቁጥር የሌለው አቤቱታ በኋላ ምስክር የለውምና። አስተዳዳሪውም ጥያቄው የደረሰበትን ቀን ይመዝግብ፤ ከሰጠ ይስጥ፣ ከከለከለም አንቀጹን ጠቅሶ፣ ይግባኝ የሚባልበትን ቦታ ነግሮ በፊርማውና በማኅተሙ ይከልክል። እንዲህ ያደረገ ሹም ኋላ ቢከሰስ እንኳ የሚመልሰው አያጣም፤ ያለ ምክንያት ዝም ያለው ግን ለራሱም ጠበቃ የለውም።

በቅሎ ትልቅ ሀብት ናት፣ ጭብጦ ግን የአንድ ጊዜ ጉርሻ ናት። ሕዝብ በሕግና በዳኛ ፊት የተከለከለውን ትልቅ ነገር ይታገሣል። ያለ ዳኛ የቀረችበትን አንዲት ገጽ ግን ለልጁ ይነግራል፤ ልጁም አይረሳትም።